ነፍሷ የቀረችበት ቦታ

ሁዋንታ፣ ኦገስት 9

ለምወድሽ እህቴ ለኔሊዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም። ስልክሽን የሚያነሳው ባልሽ ኤድጋር ስለሆነ ይህን በአውቶቡስ ሾፌሩ በኤልፒዲዮ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልጅሽ ሱልማ ከሊማ ከመጣች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው። የድንች ሾርባዋን ቀመስ አድርጋ ትገፋዋለች። ያቺ ሳቂታ ልጅ በር ሲንኳኳ አልጋ ስር ትገባለች። አባታችን እንዴት እንደጀመረው ታውቂያለሽ፤ ድንች በሚተከልበት ወቅት እንደሷ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ በዚያው ቀረ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ስለ ቤተሰባችን ጠየቀችኝ፤ አልደበቅኳትም። «በዘር የሚወረስ ነገር አለባችሁ» አለችኝ። «ግን ዘር ብቻውን አይፈርድም። ልጅነት በፍርሃት ሲያልፍ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀሰቀሰው። ቶሎ ከደረስንላት ትድናለች።» ወንድማችን ፋውስቲኖ ትዝ አለኝ። ደማችን አንድ ነው። እኔ ክርስትና እናቴ ቤት ተሞላቅቄ አደግኩ፣ እሱ በአጎታችን ቀበቶ። እኔ ይኸው ሰፈሩን እያስቸገርኩ አለሁ፤ እሱን ግን ከወንዝ አወጣነው።

እንደ ወጋችን ደግሞ ደንግጣ ከሰውነቷ ተለይታ የቀረች ነፍሷን እንድትጠራልን ባህል ሐኪሟን ዶኛ ቶማሳን አስመጣሁ። አሮጊቷ የልጅቷን ሸሚዝ ይዛ «የት ነው የደነገጥሽው ልጄ? ወንዝ ዳር? ውሻ አባረረሽ?» አለቻት።

«ኩሽና ውስጥ» አለች ሱልማ። «ኤድጋር በሩን ሲቆልፈው።»

ዶኛ ቶማሳ ሸሚዙን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ነፍስ የምትጠራው ከቀረችበት ቦታ ነው» አለችኝ። «እዚያ ቤት ግን ይህችን ልጅ እንዳትመልሺ።»

ትናንት ባልሽ ደወለ። «ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ አሞላቅቃችሁ አበላሻችኋት» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ አልጣመኝም። ኔሊዳ፣ ልጅቷን አልሰጠውም! የእንጀራ አባት ነው፤ ፖሊስም ይዞ ይምጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግን እናቷ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ከሌለሽ ቃሌን ማን ይሰማኛል? ዓርብ ኤልፒዲዮ ሲመለስ አብረሽው ተሳፈሪ። ለኤድጋር አትንገሪው።

ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ስጎነጉንላት «አክስቴ፣ የኔን ነፍስ ስታስጠሪ የማሚንም አስጠሪላት» አለችኝ። «አብረን ነው እዚያ የቀረነው።»

እኔ ምንም አልጠይቅሽም። አልጋሽን ከሱልማ ጎን አንጥፌዋለሁ። እመቤታችን በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ።

ታላቅ እህትሽ
ኤውላሊያ