አስፋልት ላይ የተሰጣ ሩዝ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ እታለም? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ልጅሽን ውዳሴንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ሐሙሲት ቤት ተከራይቻለሁ። በሩ ወደ መንገዱ ስለሆነ የሚኒባስ ረዳት “ወረታ! ወረታ!” እያለ ሲጣራ ልቤ አብሮ ይሳፈራል።

የጻፍሁልሽ ስልክሽን አያ ባየህ ስለሚያነሱት ነው። ባለፈው ስደውል ድምፄን እያወቁ “ማን ልበል?” ብለው ዘጉብኝ። ይህን የምታደርስልሽ ሸክላ ሠሪዋ ማናዬ ናት። ማሰሮ ይዛ ስትመለስ ዋጋ እየተከራከርሽ መልስሽን ስጫት።

ባልሽን አያ ባየህን አንቱ እያልሁ ነው ያደግሁት። በዚህ ደብዳቤም አልተውም፤ ግን አንቱታው ለአንቺ ስል ነው።

ከወፍጮ ቤታችሁ ለምን እንደተባረርሁ ከእሳቸው አፍ ሰምተሻል። ከእኔም ስሚ። ከአዲስ አበባ የመጡት ነጋዴዎች የፈለፈልነውን ሩዝ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው “ይህ ሩዝ ነው ቅንጬ?” አሉ። አያ ባየህ ወዲያው “ጥፋቱ የማሽኑ የመፈልፈያ ጎማ ነው። አዲስ አስገባለሁ፤ አለቀ” አሉና ወደ እኔ ዞረው “ባለሙያዋ ትመስክር” አሉ። እኔም ገና እንዳላወቅሁ፣ ጎማው ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል፣ ጥቂት ቀን ቢሰጡኝ እንደማጣራ ተናገርሁ። ሳቁ። “ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ ተምራ ‘አላውቅም’ን ይዛልን መጣች። እሱንማ ሳትማርም ታውቀው ነበር” አሉ። ነጋዴዎቹም አብረው ሳቁ። በማግስቱ የጥራት ሥራውን ለእህታቸው ልጅ ለሰውመሆን ሰጡት። ሰውመሆንን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ የሚመልስ ልጅ ነው። እኔን በር ላይ ቆመሽ ጆንያ ቁጠሪ አሉኝ። አልቆጥርም አልሁ። እንግዲያው እግርሽ እዚህ እንዳይደርስ አሉኝ።

ነጋዴዎቹ በመጡበት ቀን ምሳ ላይ የሆነውን ግን እሳቸው አይነግሩሽም፤ ረስተውታል። እኔ ለራሴ እንደማወራ ሆኜ “ከአንድ ማሳ የተወሰደ፣ አንዱ ያልደረቀ ሌላው የደረቀ ሩዝ ባገኝ እለየው ነበር” አልሁ። አንቺ እጃችንን እያስታጠብሽ “ጤፍ ሌላ፣ ሩዝ ሌላ አይደለ? ለምን አንድ ዓይነት እናደርቃቸዋለን?” ብለሽ ጠየቅሽ። እሳቸው “አንቺ ደግሞ ወጡን ጨምሪ” አሉሽ። ጨመርሽ።

ጥያቄሽ ግን አብሮኝ ወጣ። በፎገራ ሜዳ አባታችንን ጨምሮ ሁሉም አንድ ነገር ያውቃል፤ እህል ደኅና የሚሆነው ሲደርቅ ነው። በጥርስ ሲሰብሩት “ቀጭ” ካለ ደረሰ ይባላል። ይህን ከጤፍና ከጓያ ነው የተማሩት። ሩዝ በእነሱ ዘመን የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳውን ጠባዩን የጠየቀው ሰው የለም። ስለዚህ እግር በሚያቃጥል አስፋልት ላይ እናሰጣዋለን፤ ሲመሽ ጤዛ ያገኘዋል፤ በነጋታው ደግሞ ፀሐይ።

ከተባረርሁ በኋላ እዚያው ወረታ ጓደኛዬ ቤት ተጠግቼ ሳለሁ አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ ሩዝ አገኘሁ። አንደኛው ገና እርጥብ፣ የማሳው ጭቃ የሚሸት ነበር። ሌላው ደርቆ ትንንሽ የአስፋልት ጠጠር ተቀላቅሎበታል። ልጅ ሳለሁ ጫማዬ ሲታሰርልኝ የነበረው ዓይነት ቋጠሮ ነው። ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም። ሰው ሁሉ ጠያቂ ይለኛል፤ ይህን አንዱን ግን እስክሞት አልጠይቅም።

እርጥቡን ሰሌን ላይ በጥላ እያገላበጥሁ ቀስ ብዬ አደረቅሁት። ከዚያ ሁለቱንም በእጄ ፈልፍዬ በስልኬ መብራት ላይ ደረደርኋቸው። የጥላው እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። የአስፋልቱ ሆዱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። ማሽን ሳይነካው ተሰብሮ ነበር እታለም። ማሽኑ ጨረሰው እንጂ አልጀመረውም።

እዚህ ሐሙሲት የገበሬዎች ማኅበር የሩዝ መፈልፈያ አለው። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ሊቀ መንበሩ ቄስ ኪዳነ ማርያም “ሩዛችን እንዳይሰበር ዋስትና ትሰጫለሽ?” አሉኝ። አልሰጥም አባ፣ የእናንተን አደራረቅ ገና አላየሁም፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ገበሬውን መጠየቅ ነው አልኋቸው። አንዱ የኮሚቴ አባል ታዲያ ለምን መጣሽ ብሎ አጉረመረመ። ቄሱ ግን “እስከ ዛሬ የመጡት ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ሩዙም ይሰበር ነበር። እስቲ ደግሞ የማታውቀዋን እንሞክር” አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ እኔም አለሁበት። የጥራት ኃላፊ አድርገው ቀጠሩኝ።

ሁሉ ነገር ተሳካልኝ እንዳይመስልሽ። አንድ ገበሬ “በጥላ የደረቀ ይሻግታል” ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም፤ አወፍሬ አሰጣሁትና እውነትም ሻገተብኝ። ይቅርታ ጠይቄው አብረን አሳሳነው። አሁን ሲያየኝ “የማታውቀዋ መጣች” ይለኛል። ስድብ አይደለም፤ እወደዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰውመሆን መጥቶ ነበር። አዲሱ ጎማ ገብቶም ያው ቅንጬ ነው አለ። አያ ባየህ ቦታሽ ይመለስልሻል ብለዋል፤ ግን ለነጋዴዎቹ ጥፋቱ ጎማው እንደነበር፣ አሁን የሚሰበረው በዘሩ ምክንያት እንደሆነ ብመሰክርላቸው ነው። አልመለስም፤ ምክንያቱን ማወቅ ከፈለጉ መጥተው ይጠይቁኝ፣ ለጠየቀ አልደብቅም ብዬ ላክሁት። ሰውመሆን በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ዝግ ብሎ “ለመሆኑ ምንድን ነው?” አለኝ። ሲጠይቅ ስሰማው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። መልሼ አስገብቼ ስንጥቁን በመብራት አሳየሁት። የመጣበትን ሚኒባስ እስኪረሳ ድረስ አየው።

አሁን ማኅበሩ ጣራ ያለው የሩዝ ማድረቂያ እየሠራ ነው። የሚመራው ሰው ፈልጊ ተብያለሁ። የሚያውቅ ሰው አምጪ አሉኝ፤ የሚጠይቅ ሰው ነው የማመጣው አልኋቸው። ከስምንተኛ ክፍል አውጥተው የዳሩሽን ቀን አልረሳሁም፤ አስተማሪው እንኳ “ይህች ልጅ በጥያቄ ገደለችኝ” እያለ ነበር የሸኘሽ። ሥራው የሚጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። ውዳሴ ልትማርበት የምትችል ትምህርት ቤትም እዚህ ቅርብ አለ፤ ሄጄ አይቸዋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የክረምቱ ውሃ ደጅሽን አይንካው። ለአያ ባየህ ሰላምታዬን አድርሺ አልልሽም፤ ጤና ግን እመኝላቸዋለሁ።

የቤቱ ባለቤት ብቻሽን ሆነሽ ለምን ሁለት ክፍል ተከራየሽ ብለው ጠይቀውኛል። መልሱን እስካሁን አልነገርኋቸውም።

ታናሽሽ
ከሐሙሲት