ልሙኤል የኮሎኔሉን ስም የጠራ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለጣቢታ፤ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽን ኤኖክን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደህና ነው ወይ? እኔ ጆሮዬ ከመክበዱ በቀር ድንጋይ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የምትጽፍልኝ የልሙኤል ሚስት ድሩሲላ ናት። ስሳደብ ብዕሯን ታቆማለች፤ አንቺ ግን አመሌን ስለምታውቂ የቀረውን ሙይበት።

ስሚ እንግዲህ! ልጄ ልሙኤል፣ ያ ድብ አዳኙ፣ ለዋሽንግተን ምክር ቤት ተመረጠ።

ከሁለት ዓመት በፊት የኬንታኪ ምክር ቤት የገባ ጊዜ ጠበቆቹ፣ «ይሄ ደግሞ ከየትኛው ዋሻ ወጣ?» ብለው ሳቁበት። እሱም ተነስቶ፣ «ጌቶቼ፣ ድብ ከዋሻ ሳስወጣ ኖሬአለሁ፤ እናንተን ከዚህ ሙቅ ወንበር ማስወጣት ግን አቃተኝ» አላቸው። የሳቁበት ራሳቸው አጨበጨቡለት። ከዚያም ጫካ መንጥሮ ያቀና ሰው ባዶ እጁን እንዳይባረር ሕግ አስወጣ። ምን ያደርጋል፣ በአሮጌ የርስት ወረቀት መሬቱ የእኛ ነው የሚሉት ባለ ወረቀቶች ነገሩን ዋሽንግተን ወስደው ሕጉን አስሻሩት። ይኸው ሚስቴን የቀበርኩበት መሬት፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ሊወስደው ደርሷል። ስለዚህ ልሙኤል ዋሽንግተን ድረስ መሄድ ነበረበት። የተፎካከረውም የባለ ወረቀቶቹ ጠበቃ ኮሎኔል ሃዴን ነው።

በምርጫው መጨረሻ ቀን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰብን። ከየአውራጃው የመጣው ወሬ ኮሎኔሉ በጥቂት እንደሚመራ ነው። እንደ እናንተው አገር እኛም የምንመርጠውን ስም ዳኞቹ ፊት ጮክ ብለን እንጠራለን። ተፎካካሪ የተፎካካሪውን ስም መጥራቱም የቆየ ጨዋነት ነው። ግን በእንዲህ ያለ ቀን ማን ጨዋነት ያስባል? ልሙኤል ቀረበና፣ «ኮሎኔል ሃዴን!» አለ። እኔ፣ «ምን ዓይነቱን ጅል ወለድኩ!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ሰው ይሰማል» አለኝ። ይስማ!

ቀጥሎ ኮሎኔሉ ተነሳ። ሁላችን አፍ አፉን እናየዋለን። ጉሮሮውን ጠረገና የገዛ ስሙን ጠራ! ልጄ የእሱን ስም እንደጠራለት እያወቀ! በኋላ ወፍጮ ቤት ያለው ኦባዲያ፣ ከኮሎኔሉ ጎን የማይጠፋው፣ ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። «ኮሎኔል፣ ትናንት ውስኪህን ጠጥቻለሁ፣ አልክድም፤ ዛሬ ግን ጉሮሮዬ ልሙኤል ስትሮድ ካላልኩ ብሏል» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወዳጆቹ ሁሉ ተከተሉት፤ ተራራ ወርደው የመጡት አዳኞችም እንደዚያው። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጄ አሸነፈ። ጅል ማለቴን አንሳ ይሉኛል፤ አላነሳም። ጅልም ሆነ ምን፣ የእኔ ነው።

ወደ ዋሽንግተን ሲያልፍ ደጃፍሽን ይረግጣል። አልጋ ስጪው፣ ሥጋም አብዢለት፤ ምክር ግን አታብዢበት። መሬቱ ገና የማን እንደሚሆን አልታወቀም። እኔ ግን ከምንጩ በላይ የፖም ችግኝ ተክያለሁ። በዚህ ዕድሜህ ሲያፈራ ልታይ ነው ወይ ይሉኛል። አያለሁ።

ኤኖክን ሳሚልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ለሜሂታቤል፣ ለመንትዮቹ፣ ለአማትሽም ሰላምታዬን አድርሺ። ድሩሲላም እጅ ትነሳለች።

ወንድምሽ ማይካጃ ስትሮድ፤ በፊርማ ፈንታ መስቀሉን በገዛ እጄ አድርጌአለሁ ✕

ግሪን ወንዝ ዳር፣ ኬንታኪ፤ በመከር ወራት፣ 1827