አንተና ቶላ ብትታገሉ ኖሮ

ወንድዬ፣ አካሌ፣

እንደምን አለህ እንዳልልህ፣ ካለህበት በሽታ የለም ይላሉ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ፣ መስቀልም አለፈ። አባቴ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ዳዊት እንድደግምበት እንጂ ለሞተ ባል እንድጽፍበት አልነበረም። ግን ካንተ በቀር ለማንም የማልነግረው ነገር አለኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮውን በር ልጃችን አበራ አደሰው። ዳማዋ በቅሎህ አርጅታ ጎሬ ደርሶ መመለስ ታክቷታል፤ ብትሸጣት ብዬ ብነግረው የአባቴን በቅሎ አልሸጥም አለ። እሱም በቁመቱ አንተን አህሏል። ትከሻው ግን የኔ ነው፣ ቀጭን። በዚያ ላይ በሰኔ ቡና ጭኖ ጋምቤላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ክረምቱን ሲንቀጠቀጥ ከረመ።

የመቱ ከተማን ወንዶች ታውቃቸዋለህ፤ ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት የሚሉ ናቸው። ዝናቡ መንገድ ሲዘጋባቸው ጠጅ ቤት ተቀምጠው አንተን ከመቃብር እያስነሱ ሲያታግሉህ ከረሙ። ወንድይፍራው በጉብዝናው ዘመን ከዛሬው የኖፓ ጎበዝ ከቶላ ጋር ቢገጥም ማን ይጥል ነበር? ሽማግሌዎቹ ባንተ ወገን ሆኑ። ሲራራ ነጋዴ በሰፈረበት ሜዳ ሁሉ የወንድይፍራውን ጀርባ መሬት ያስነካ ሰው አልተገኘም አሉ። ጎረምሶቹ ደግሞ በዚያ ዘመን ቶላን የመሰለ መች ነበረና ብለው ሳቁባቸው። ባለፈው ጥምቀት ቶላ አንዱን የሁሩሙ ጎበዝ አንስቶ ሲጥለው የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ሸክም አይችልም።

መጀመሪያ ስምህ ሲነሳ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ኋላ ግን አንዱ አፈ ክፉ፣ ወንድይፍራው የጣለው ድውይ ድውዩን ነው አለ። አበራ ሰማው። ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥለት አለ። ከቶላ ጋር ካልገጠምኩ ብሎ ተነሳ። ቶላም እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው።

ሽማግሌዎቹ ማስታረቅ ሲገባቸው ብልሃት አገኘን አሉ። ልጅ የአባቱ ምትክ ነው፤ አበራ የአባቱን መቀነት ታጥቆ ይግጠም፤ ከጣለ ወንድይፍራው ጣለ፣ ከወደቀም ወንድይፍራው ወደቀ ብለው ፈረዱ። ተመራርቀውበት ተነሱ! የመስቀል ሰሞን ሶር ወንዝ ዳር ካለው መስክ ላይ እንዲሆን ቀን ቆረጡ። አበራ መቀነትህን ከሳጥኑ አውጥቶ ሲታጠቀው አየሁት። አንተን ሁለት ዙር ይዞርህ የነበረው እሱን ሦስት ዙር ዞረው።

እኔ ደግሞ መልሱን አውቀው ነበር፣ ወንድዬ። አልጋ በያዝክበት ጊዜ ቶላ ጭነት ሊያራግፍልን ይመጣ እንደነበር ታስታውሳለህ። እንደ ወላጁ "አባኮ" እያለ ጠዋት ጠዋት አቅፎ ወደ ፀሐይ ያወጣህ ነበር። አንድ ቀን አስቀምጦህ ሲሄድ ፈገግ ብለህ፣ ይህ ልጅ በደህናዬም ቀን ይጥለኝ ነበር አልከኝ። ንገሪም አላልክ፣ አትንገሪም አላልክ። ብናገር ስምህ፣ ዝም ብል ልጅህ። ስንት ጊዜ መቃብርህ ድረስ መጥቼ ተቆጥቼህ ተመለስኩ።

ቀኑ ደረሰ፤ መስኩ በሰው ሞላ። ሴት ከዳር ነው የምትቆመው፣ እኔም ከዳር ቆምኩ። ሁለቱ መቀነት ለመቀነት ተያያዙ። የአበራ ቀጭን ትከሻ በቶላ ክንድ ውስጥ ጠፋ። ያ አጥንቱ የተሰበረው የሁሩሙ ልጅ ትዝ አለኝ። ነጠላዬን እንደ ለቅሶ ቀን አዘቅዝቄ መካከላቸው ገባሁና ያልከኝን ቃል በቃል ለሕዝቡ ተናገርኩት።

አበራ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ያቃጥለኛል። አባቱን በአደባባይ የጣልኩት እኔ ሆንኩ። እንደገና ወደ ቶላ ሊወረወር ሲል ሁለት ሰው ያዘው።

ያኔ ቶላ እጁን አነሳ። ኦሮምኛውን ካማርኛው እየደባለቀ ተናገረ። አንድ ጠዋት ተሸክሜው ስወጣ አባኮ ክንዴን ያዘኝ፤ ላስለቅቀው ታገልኩ፣ አልቻልኩም አለ። ታሞ እንዲህ የያዘኝ ሰው በደህናው ቀን ምን ሊያደርገኝ ነበር? የምወድቀውስ እኔ ነኝ፣ እሱ ይህን ያለው ስለሚወደኝ ነው አለ። ጎንበስ ብሎም አበራ የታጠቀውን የመቀነትህን ጫፍ ሳመ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አበራ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወንድዬ፣ በእነዚያ ጠዋቶች ሁሉ ከጎንህ የነበርኩት እኔ ነኝ። እጅህ ዋንጫ መያዝ አቅቶት ውሃ የማጠጣህ እኔ ነበርኩ። ቶላ ዞር ብሎ ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁትና ዝም አልኩ።

አበራ እኔን ያኮረፈኝ ለጥቂት ቀን ነው። አሁን ከቶላ ጋር አብረው ይጭናሉ። በመቱ ገበያም ክርክሩ ቀርቷል፤ ያልወደቀው ወንድይፍራው ተብለህ ትኖራለህ። እነሱ እንደዚያ ያስታውሱህ፣ አልከለክላቸውም። እኔ ግን በሌላ ሰው ልጅ ክንድ ፀሐይ ወጥተህ፣ መውደቅህን እየሳቅህ የነገርከኝን አንተን ነው የማስታውሰው፤ አጠገብህ እስክተኛ ድረስ።

ሚስትህ