በፋሲካ ሽሮ

ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ጠዋት

ዛሬም ሰሃን አጠባ። እማ ጋሽ ታደሰን ካገባች ወዲህ ሰሃኑ እጥፍ፣ ጭቅጭቁ ሦስት እጥፍ። የሳቸው ልጅ ሀያት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጾሙ መሀል ላይ ነው ከወረኢሉ፣ ከአያቷ ቤት የመጣችው። ትናንት ዶሮ ወጥ ቀርቦ፣ ሽሮ ካልሆነ አልበላም አለች። በፋሲካ ሽሮ። ወንድሜ ቢኒ፣ እኛን ተጸይፋ ነው ብሎ እንጀራውን ከፊቷ ጎተተው። በጥፊ አለችው። ማን ገላገለ? እኔ። ት/ቤት ካቆምኩ ወዲህ ዳኛም እኔ፣ ፖሊስም እኔ።

ረቡዕ፣ ማታ

እማ መላ አገኘሁ ብላ የበግ ሥጋ አድቅቃ ሽሮው ውስጥ ጨመረች። ለደግ አስባ። ሀያት ሁለቴ ጎረሰች፣ ጥርሷ ላይ ያዛት፣ ተፋችው። ለቅሶ። ልብሷን በፌስታል ከተተች። ቅዳሜ ወረኢሉ ካልመለሳችሁኝ እህል አልቀምስም አለች። ቢኒ ደስ አለው፣ አልጋው ሊሰፋለት ነው። ኩርኩም አቀመስኩት።

ሐሙስ

ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ያዝኳት። ምንድነው ችግርሽ ብዬ ጮህኩባት። ጥላኝ መንገድ ጀመረች። በቀስታ ጠየቅኳት። እኔ በቀስታ፣ አስበው እንግዲህ።

"የክርስቲያን ሥጋ በልቼ አላውቅም" አለችኝ።

ሟች እናቷ እስላም ነበረች፣ ያሳደገቻት አያቷም። ከስሟ እንዴት አላወቅሽም እንዳትለኝ። የኔ አክስት ፋጡማ ነው ስሟ፣ ቆራቢ ናት።

ጋሽ ታደሰን አፋጠጥኳቸው። ያውቃሉ ለካ።

"ዝም ካልን ትለምደዋለች ብዬ ነው፣ ልጄ።"

እማን ፈርተው። ጢም አብቅሎ ፍርሃት።

ዓርብ

እማ ሰማች። በልጅቷ አልተቆጣችም፣ በባሏ ነው። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሀሳቤን ነገርኳት፦ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ አውራ ዶሮአችንን ይረዱላት፣ የሥጋ ድስቷ ለብቻ ይሁን፣ ሽሮውን ሁላችን ባንድ ትሪ። ሁለት ድስት ማን ሊያጥብ ነው አለች። እኔ አልኳት፣ የቤት ሥራ የለብኝ። ተነስታ ሁለት ድስት አወረደች።

ቢኒ የሷንም ልቅመስ አለ። ቄሱን ጠይቅ አልኩት።

ሀያት ፌስታሏን አልፈታችም። ግን መጣችና የኔ ድስት የትኛው ነው አለች። ትንሹ አልኳት።

"ትልቁን ነው የምፈልገው።"

ይቺ አይን አውጣ። ነገ የወረኢሉ መኪና ሳይወጣ፣ አውራ ዶሮውን አሲዤያት ጋሽ ሰይድ ደጅ ነን። ትልቁ ድስት የበግ ወጥ የተሠራበት ነው። በአመድ እየፈተግኩት ነው፣ እጄ ሁሉ አመድ ሆነ።