አርባ አንድ ጀግኖች ያሉት ግድግዳ

በሁዋይ ወንዝ ዳር፣ በጦር ሰፈሩ ለምትገኘው ለወንድሜ ልጅ ለሱይሊን።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? እግርህ፣ ጥርስህ፣ ያ የማይለቅህ ሳል እንዴት ከረሙ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ የጠየቀኝ ባይኖርም። ባለፈው ደብዳቤህ መጀመሪያ ስለ ዳክዬዎቹ፣ ቀጥሎ ስለ ተናደው ግድብ፣ ከዚያም ስለ አክስትህ ጉልበት ጠየቅህና፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል «አጎቴም ደህና ይሁን» ብለህ ጥግ ላይ ለጠፍከኝ። ዳክዬዎቹ ደህና ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኮርተውብኛል።

ድንበር ጠባቂው አንተ ስለ ዳክዬ ስትጽፍ፣ ስለ አገር የምንጽፈው እኛ ነን። የእሜቴ ሺን መጠጥ ቤት ግድግዳ ታውቀዋለህ። ዘንድሮ በኖራ አስለቅልቃው ነበርና ብሩሽ የጨበጠ ሁሉ ግጥሙን አሰፈረበት። በሁለተኛው ጽዋ ስለጠፋው ሰሜን እናለቅሳለን፤ በአምስተኛው ጠላት የያዘብንን የጥንት ዋና ከተማችንን ካይፈንግን አስመልሰን ወደ ቤት እንገባለን። ዝይ ሲያይ መንገድ የሚቀይረው መምህር ጌ እንኳ ጠላትን በቁርስ ሊበላው ፎከረ። እኔም በተራዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሽበቴን አትዩ፣ ክንዴ ገና አልሳሳም፤
ሰሜን ሳልሻገር ጽዋ አላነሳም።

ከሥሩም እንደ ደንቡ ስሜን፣ መንደሬን፣ ስልሳ አንድ ዓመቴን አሰፈርኩ። ብሩሹን አስቀምጬ ጽዋዬን ባነሳ እሜቴ ሺ ከእጄ ወሰደችው። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ አያ ፓን፤ የኔ ግድግዳ ሐሰተኛ እንዲሆን አልፈልግም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ነው የምጠጣው። ሰው ሁሉ ፊትህ ጠራ ይለኛል፤ ሆዴ ግን አዝኗል።

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ከትናንት በስቲያ አንድ የስንቅ ሹም መጣ። ለእናንተ ሰፈር ሩዝ የሚያደርሱ ጀልባዎች ቀዛፊ አጥተው ወንዙ አፍ ላይ ቆመዋል። ሰውየው ሾርባ ሊጠጣ ገብቶ ግድግዳውን አየ። ማንኪያውን አስቀመጠና ከዳር እስከ ዳር አነበበ። «በሌላው መንደር በር እያንኳኳሁ ነው ሰው የምለምነው። እናንተ ግን ስማችሁን ከነዕድሜያችሁ ጽፋችሁ ጠበቃችሁኝ» ብሎ አርባ አንዳችንንም መዘገበን።

በማግስቱ መንደሩን ብታየው። ግማሹ ያነክሳል፤ ግማሹ ያስላል። ቀጥ ብለው ሲሄዱ የታዩት ዳክዬዎቹ ብቻ ናቸው። ሹሙም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽማግሌ አስገድጄ አልወስድም አለ። መሄድ የማይፈልግ ጀልባዎቹ ነገ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ይምጣና ግጥሙን በገዛ እጁ፣ ሰው እያየው ያጥፋ ብሏል። እሜቴ ሺ ባልዲ ውሃና ጨርቅ ግድግዳው ሥር አስቀምጣለች። ትናንት ማታ ድረስ ሃያ ስድስት ግጥሞች ጠፍተዋል።

ሱይሊን፣ ላንተ አልዋሽም፤ ሁለት ጊዜ እስከ መጠጥ ቤቱ በር ሄጄ ተመልሻለሁ። ፈራሁ። ከመንደራችን ገበያ አልፌ የሄድኩት አንዴ ነው፤ ያኔም ጠፍቼ ነው። አክስትህን ምን ይሻለኛል ብላት «ስትጽፍ አማከርከኝ?» ብላ ወፍራሙን ካፖርትህን መጣፏን ቀጠለች። ያንተ ሰፈር ሩዝ እየጎደለ እንደሆነ ከሹሙ ሰምታለች፤ አንተ ግን ይህንንም አልጻፍክልንም። እንግዲህ የያዝኩት ዘዴ ይህ ነው፦ መምህር ጌ መጀመሪያ እንዲያጠፋ መጠበቅ። እሱ ካጠፋ በኋላ የኔን ማን ያየዋል?

አብሮህ ለሚያድረው ጓድህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ወጥ አብሳያችሁንም ሰላም በልልኝ፤ ድስቱ እንዳይጎድል። አክስትህ ትስምሃለች፤ ጎረቤታችን አሮጊቷ ዩን ሳልህን በዝንጅብል ያዝ ትልሃለ...

በር ተንኳኳ፤ ቆይ።

መምህር ጌ ነው። በጀርባው የልብስ ጥቅል፣ በእጁ ሁለት ጥንድ የገለባ ጫማ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ጨርቁን ነክሮ ግጥሙ ፊት ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። «ሁለተኛው ስንኝ በጣም ጥሩ ሆኖብኝ እጄ እምቢ አለኝ። ተነስ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ? አንዱ ጫማ ያንተ ነው» ይለኛል። ተቀመጥ ብለውም አይቀመጥም። አክስትህ ደግሞ ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ የመጨረሻዋን ክር በጥርሷ በጠሰች። ለካስ የምትጥፈው ያንተን አልነበረም።

ይህን ደብዳቤ ለጨው ነጋዴው ልሰጠው ነበር፤ አሁን ግን እኔው ነኝ የማመጣልህ። ስትቀበለኝ ከፊቴ አታንብበው።

አጎትህ ፓን ቦያን
ቺንግታንግ መንደር፣ ካይፈንግ በተያዘች በሃምሳኛው ዓመት፣ በዘጠነኛው ወር በስምንተኛው ቀን።