ስሙ ረምዚ ነው፤ ጉዳዩን አላህ ያውቀዋል

ይድረስ ለወንድሜ ለረምዚ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ኦፕራሲዮን የሆንክበት ቦታ ብርድ ሲመጣ ይቆረጥመኛል ብለኸኝ ነበር፤ አሁንስ ተወህ? እንቅልፍህስ ተመለሰልህ? ምግብስ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ሱቅ መዋሏን አልተወችም። የኸምሲኑ ነፋስ ጀምሯል፤ አቧራው ማዕከላዊ ገበያ ሲደርስ ድሪያ ቀሚሱንም ሻሹንም በላስቲክ ሸፍነን ነው የምንውለው። ታናሻችን ኻሊዳም ትምህርቷን ጨርሳ ከኛው ጋር እየሸጠች ነው። ሁሉም ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ለወጉ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ፈርቻለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። የኔ ስልክ ማለት የሱቁ ስልክ ነው፤ ኻሊዳ ታነሳዋለች፣ ደንበኛ ያነሳዋል። እማዬ ደግሞ ከአንተ የመጣ የድምፅ መልእክት ስትሰማ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ነው፤ ጎረቤት ያሉት ሽቶ ሻጮች ሳይቀሩ «ረምዚ ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» ይላሉ። ባለፈው «ምን ትያለሽ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መብራት ሄደ ብዬ የዘጋሁብህ ለዚህ ነው። መብራት አልሄደም ነበር። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ደንበኛችን የሆነች ፈረንሳዊት ነርስ ናት፤ ለእረፍት ወደናንተ ስትመጣ ለምኜ ሰጠኋት። አማርኛ አታነብም። አንተም አንብበህ ቅደደው።

የነገርከኝን ነገር ሌት ተቀን ሳሰላስለው ነው የሰነበትኩት። ታመህ በተኛህ ጊዜ ጫላቸውን ዘመዱ አይደለህም ብለው ከሆስፒታሉ በር መለሱት። ስንት ዓመት አብራችሁ የኖራችሁ ሰዎች! ከሳችሁ፣ ተመላለሳችሁ፣ በመጨረሻ ረታችሁ። ከእንግዲህ በዚያ አገር እንደናንተ ያለውን ሰው ከታመመበት አልጋ አጠገብ የሚያባርረው የለም። ወላሂ የረታችሁ ዕለት ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ ሜትሩን ጥዬ አለቀስኩ። አሁን ደግሞ ማን ረታው በሚል እየተጨቃጨቃችሁ ነው። ጠበቃዋ ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ የኔ ድል ነው ትላለች። ማኅበሩ ሐሳቡም ወጪውም የኛ ነው ይላል። ከናንተ በፊት ከስሰው የተረቱት ሽማግሌዎች ደግሞ መንገዱን የጠረግነው እኛ ነን ብለው ተቀይመዋል። በወሩ መጨረሻ ለዚህ ድል ሽልማት ይሰጣል። እናንተ ግን እንዳትታወቁ ተብሎ ፍርዱ ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ናችሁ። ጫላቸው ይቅርብኝ ብሏል። አንተ ግን «ፊደል መሆን ሰልችቶኛል፤ መድረኩ ላይ ወጥቼ ስሜን ከነአባቴ እናገራለሁ» አልከኝ።

እውነትህን ነው። ከማንም በፊት የሚገባው ለናንተ ነው። ጠበቃዋ ችሎት ውላ ማታ ቤቷ ገብታ ተኝታለች፤ ሰው ፊት ቆማችሁ ስለ መኝታችሁ የተጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን ማንም አይነጥቅህም። ግን ረምዚ፣ የአባትህ ስም የኔም የአባት ስም ነው። የሱቁ በር ላይ ተጽፏል።

አሁን ያስፈራኝን ልንገርህ። ያኔ ሳለቅስ እማዬ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ «ረምዚ ፍርድ ቤት ረታ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ለካ በሆዷ ይዛው ኖሯል፤ በሳምንቱ የሰፈሩን ሴቶች ጠርታ ዱዓ አስደረገች። ሳምቡሳውን ስትጠብስ ዋለች፣ ሐልዋውን ከድሬዳዋ አስመጣች፣ እኔ መከልከል አቃተኝ። ዱዓ የምታደርገው ያቺ የምታውቃት ፋጤ ናት። የዱዓን ወግ ታውቀዋለህ፤ አስደራጊው ስሙን ይጠራል፣ ጉዳዩን ይናገራል፣ ከዚያ ነው አሚን የሚባለው። ፋጤም «ለማን ነው? ጉዳዩስ ምንድን ነው?» አለቻት። እማዬ ቀና ብላ «ስሙ ረምዚ ነው፤ ጉዳዩን አላህ ያውቀዋል» አለች። ፋጤ «ጉዳዩን ካላወቅሁ ምን ብዬ ልለምን?» ብትላት «መለመኑ አልቋል፤ ምስጋና ነው» አለቻት። ቤቱ ሙሉ ሴት ስምህን ጠርቶ አሚን አለ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያማ ወሬው መች አርፎ ይቀመጣል። አጎታችን ኡበይድ ወደብ ላይ ትራንዚት ቢሮ እንደሚሠሩ፣ ፈረንሳይኛም እንደ ውኃ እንደሚያነቡ ታውቃለህ። ከሚስታቸው ሰምተው በማግስቱ ሱቅ መጡ። ደስታቸው ልክ የለውም። «ልጃችን የፈረንጅን መንግሥት ረትቶ እንዴት ዝም ይባላል?» ብለው ለቢሮው ሰው ሁሉ ጣፋጭ አድለዋል። አሁን ሥራቸው ስልካቸው ላይ አንተን መፈለግ ሆኗል። «የጠበቃውን ስም ብቻ ስጪኝ፣ እኔ አገኘዋለሁ» ይሉኛል፤ አላውቅም እላለሁ። ትናንት ደግሞ ተናደው «የኛ ልጅ ለፍቶ ጠበቃው ይመሰገናል፤ ስሙ መነገር አለበት!» አሉ። አንተ ያልከኝን ቃል በቃል! ልስቅ ወይስ ላልቅስ? ስምህን የጠራህ ዕለት መጀመሪያ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

ሙክታርን ታስታውሰዋለህ፣ ዋራበሌ ሰፈር የስልክ ሽፋን ይሸጥ የነበረውን። ስልኩ ውስጥ ከወንድ ጋር የተነሳው ፎቶ ተገኘ ተብሎ የገዛ ወንድሞቹ ናቸው የደበደቡት። የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እናቱ ግን እዚሁ ከተማ አለች፤ ዓሣ ትሸጥ ነበር፣ ከሷ የሚገዛ ጠፋ፣ ሰፈር ለቀቀች። እኔ በእሷ አጠገብ ሳልፍ ዓይኔን የምጥልበት ይጠፋኛል። ረምዚ፣ እማዬ እንደሷ ስትሆን ይታየኛል። ሱቁ ተዘግቶ ይታየኛል። አንዲት ሴት ጨርቅ ስታገላብጥ ቆይታ ሳትገዛ ከሄደች እንኳ ሰማች እንዴ እላለሁ። ከሁሉ የሚብሰኝ ግን እማዬ አንድ ቀን ዓይኗን ብትከድን መጥተህ መቅበር አለመቻልህ ነው።

እና ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የጻፍኩት እባክህ ዝም በል፣ ሽልማቱን ለጠበቃዋ ተውላት ብዬ ልለምንህ ነበር። ዓርብ ከምሳ በኋላ ሁሉም ጋደም ብሎ ሳለ ስጽፍ እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለረምዚ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «ዝም በል እያልሽው ነው?» አለችኝ። ምኑን ነው ዝም የሚለው ብዬ ላታልላት ስል «ተይ ሳብሪን፣ አትድከሚ» አለችኝ።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። አንተ ራስህን ስተህ በተኛህ ጊዜ ጫላቸው ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆኖ ደውሎላታል። ፈጅር ሰግዳ መነሳቷ ነበር። እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ «አላስገባ አሉኝ፣ ማንም የለውም፣ ብቻውን ነው» አላት። እሷም «አልቅሰህ ስትጨርስ ስማኝ። ከበሩ እንዳትነቃነቅ። ሲያባርሩህ ዞረህ ተመለስ። እኔ እስከዚያ መድረስ አልችልም፣ አንተ ግን አለህ» አለችው። እኔን «ጓደኛ እንደዚያ አያለቅስም። ያን ቀን ነው ያወቅሁት» አለችኝ። ለረምዚ እንዳትነግረው፣ ያፍርብኛል ብላ አስምላዋለች። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት አልነገረህም፤ ሂድና ጠይቀው። እናንተ እዚያ ማን ይሸለም እያላችሁ ስትነታረኩ ከሳሹን በሩ ላይ ያቆመችው እማዬ እዚህ ድሪያ ስትሸጥ ነበር።

ታዲያ ምን ልበለው አልኳት። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች፣ ከዚያ «ፈርታለች በይው። ከልክላለች ግን እንዳትይው» አለችኝ። አስር ልትሰግድ ተነስታ ሄደች። እኔም የጻፍኩትን ቀድጄ ይህን ጀመርኩ።

ስለዚህ አልከለክልህም። ፈርተናል፤ እሷም እኔም። እስከ ዛሬ የምፈራው ብቻዬን ይመስለኝ ነበር። መድረኩ ላይ የምትወጣ ከሆነ ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ ቀኑን ቀድመህ ንገረኝ። በዋዜማው በስልክ «ጉንፋን ይዞኛል» በለኝ፣ ይገባኛል። ያን ቀን ሱቅ አንከፍትም። ኻሊዳን አክስታችን ጋ እሰዳታለሁ፣ እኔ እማዬ አጠገብ እቀመጣለሁ። አጎታችን ሲመጡ በሩን የምከፍተው እኔ ልሁን።

ኻሊዳ ናፍቀኸኛል፣ ፎቶህን ላክልኝ ትላለች። አጎታችን ኡበይድ ሰላም ይሉሃል፤ ድካምህን ለማንም አሳልፈህ እንዳትሰጥ ብለዋል። ሐምዲያ ጎረቤታችን በየሶላቷ ታነሳሃለች። እማዬ እጅህን በስስት ትስምሃለች። «ለጫላቸውም ሰላም በይልኝ» ብላኛለች። ስሙን ስትጠራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ በሩ ዞር ብላ አይታ ነው። ግን ጠራችው።

እህትህ ሳብሪን

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.