የጋንቾው አሥራት

ይድረስ ለአያሌው፣ ለሆዴ።

ደብዳቤ ሲጻፍ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔ ላንተ ምን ብዬ ልጀምር? ከተለየኸኝ ነገ ድፍን ዓመት ይሆንሃል። ለሙት ዓመትህ ጠላው ተጠምቋል፤ ዘመዶችህም ከመሸንቲ መጥተው ቤቱን ሞልተውታል። እኔ ከልጃችን ከሰላም ደብተር ሁለት ሉክ ገንጥዬ፣ ጓሮ ካለው የእንጨት ቤት ተደብቄ እጽፍልሃለሁ። ሴቶቹ ለብቻዋ ልታለቅስ ነው የገባች ብለዋል፤ ይበሉ።

ነገ ጥቁርሽን አውልቂ ይሉኛል። ከማውለቄ በፊት ግን የምነግርህ አለ። መቃብርህ ድረስ አራት ጊዜ መጥቼ፣ አራቱንም ጊዜ ድንጋዩን ጠራርጌ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተመልሻለሁ። ባንተ ላይ ዋሽቻለሁ፣ አያሌው። ሰው በተሰበሰበበት ዋሽቼ ፈርሜበታለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ቆይ፣ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ አንተ ከሥራ ስትገባ ጫማህን ሳታወልቅ «ቤቱ እንዴት ዋለ» ነበር የምትለው። ቤቱ ደህና ነው። በመኝታችን በኩል ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ጓደኛህ ምስጋናው ወጥቶ ደፈነው። ሰላም ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፣ ክርክሯ ደግሞ አንተኑ ነው። የተከልኸው ፓፓያ ዘንድሮ አፈራ። ወንድ ነው፣ ቁረጠው እያልሁ ስጨቀጭቅህ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ አፈርሁ። እኔ ደግሞ ሥራ ገብቻለሁ። አዎ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር፣ አንተ በሠራህበት የጀልባ ጋራዥ። ግቢ እጠርጋለሁ፤ ጀልባ ሲጫን ደግሞ ጣውላው ላይ እቆማለሁ።

ጣውላውን መቼም አትረሳውም። ያ ሁሉ ሠራተኛ እያለ እኔን ከቤት የምታስጠራኝ ለዚህ መሆኑን መጀመሪያ ስሰማ ሣቄ ነበር የመጣው። ጀልባ የተጫነበት ተሳቢ ከመኪናው የሚያያዝበትን የፊት ብረት፣ ጋንቾውን፣ በጣውላው አንድ ጫፍ ላይ ታሳርፈዋለህ፤ ከመሃል ድንጋይ ታደርጋለህ፤ በሌላው ጫፍ እኔን ታቆመኛለህ። ጋንቾው ከእኔ ጋር እኩል ከሆነ ፊትህ ይፈታል። እኔ ከከበድሁ ጀልባውን ወደ ፊት፣ እሱ ከከበደ ወደ ኋላ ትገፋዋለህ፤ ጀልባው አልገፋ ካለም ከታች የጎማውን ዘንግ ፈትታችሁ ታንቀሳቅሱታላችሁ። «ጋንቾ አሥራቱን ይፈልጋል» ትል ነበር። ከጠቅላላው ክብደት ከአሥር አንዱ እሱ ላይ ካላረፈ ተሳቢው መንገድ ላይ ጭራውን እየወዘወዘ መኪናውን ይዞት ይሄዳል። የምትሠሯቸው ጀልባዎች ክብደታቸው ተቀራራቢ ነበርና ከአሥር አንዱ ልክ እኔን ያህል ይመጣ ነበር። ሰላምን ወልጄ ከአራስ ቤት ወፍሬ ስወጣ «ጥሩዬ፣ ሚዛኔን አበላሸሽብኝ» ብለህ በሠራተኛ ፊት ያሳፈርኸኝን እስከ ዛሬ አልተውሁልህም።

አንድ እሑድ ደግሞ ወደ ፔዳ በሚወስደው መንገድ አጠገብህ አስቀምጠኸኝ፣ ሆን ብለህ ጭነቱን ከኋላ አድርገህ ያን ውዝዋዜ አሳየኸኝ። በቀስታ እየነዳህ እንኳ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። «እንዲህ ሲሆን ፍሬን አይረገጥም፤ ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውን ቀጥ» አልኸኝ። እኔ መኪና አልነዳ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬህ ነበር።

ያ የመጨረሻው ጀልባ ከሌሎቹ ይረዝማል። ለሰፈራ ጣቢያው ወንዝ መሻገሪያ ነው፣ ዝናብ ሳይገባ ይድረስ ተባለ። ዋዜማውን አንተና ምስጋናው ከተሳቢው ሥር ተኝታችሁ ዋላችሁ። እሱ ብሎን ፈታ፣ አንተ ለካህ፤ ጀልባው የሚያርፍበትን እንጨት በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ጠቀለላችሁት። ከሰዓት ጣውላው ላይ ቆምሁ፤ ጋንቾው ከእኔ ጋር እኩል ሆነ። የጎማው ዘንግ ያረፈበትን ቦታ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግህበት። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

በማግሥቱ ጧት ስንቅህን ይዤ ስመጣ አራት በርሜል ነዳጅ ጀልባው ላይ ከኋላ ተጭኖ አገኘሁ። የጀልባው ፊት በእንጨት የተሸፈነ ነው፣ በርሜል አያስገባም። ጋንቾው ሽቅብ አንጋጦ፣ ሁለት ሰው ተቀምጦበት ነው ከመኪናው የተያያዘው። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ለጋራዡ ኃላፊ «ጓድ፣ ይሄ አይሆንም፤ ጋንቾው አሥራቱን አላገኘም። ወይ በርሜሉ ይውረድ፣ ወይ ግማሽ ቀን ስጠኝና ዘንጉን ላስተካክል» አልኸው። እሱም «የአሥራት ዘመን ከፊውዳሉ ጋር ተቀብሯል» ብሎ ሣቀብህ፤ አንዳንዱም አብሮት ሣቀ። ሁለተኛ አይሆንም አልኸው፤ ሰዓቱን አየ። ሦስተኛ ስትለው ሣቁን ትቶ «ዘመቻውን ማን እያደናቀፈ እንደሆነ እንድጽፍ ትፈልጋለህ?» አለህ። ከዚያ ገመዱን ራስህ አሰርኸው።

አራተኛ ብትለው ምን ነበረበት? አንዳንዴ ብግን እልብሃለሁ። ስንቁን በመስኮት ስሰጥህ እጄን ያዝ አድርገህ «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አልኸኝ። እኔስ በሩን ይዤ ብጮህ ምን ነበረበት? ሁለታችንም ሰላምን አሰብን።

ከመሸንቲ አለፍ ብሎ ካለው ቁልቁለት ላይ ነው አሉ። ተሳቢው ግራ ቀኝ ሲማታ ገበሬዎች አይተዋል፤ ቀድመው የደረሱልህም የገዛ ዘመዶችህ ናቸው። መኪናው የገባው ገደል አይደለም፣ ቦይ ነው፤ ሌላውን ሰው የሚያተርፍ ቦይ። መንገዱ ላይ የፍሬን ጭረት የለም ሲሉኝ ጊዜ እሪ አልሁ። እስከ መጨረሻው ነዳጁን ለቀህ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ነበር።

ሠልስትህ ሳይወጣ ምስጋናውን ወሰዱት። ዋዜማውን ብሎን የፈታ እሱ ነው ተባለ፤ አሻጥር ተባለ። ይህች ቃል ከተነገረች በኋላ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ አንተም ታውቃለህ። ሚስቱ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና እስር ቤት ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ደፋችን ላይ ትቀመጣለች። አንድም ቀን አድኚልኝ አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ሁለት ወር ሲሞላ አጣሪ ኮሚቴ ጋራዡ ድረስ መጣ። ኃላፊው አስቀድሞ አስጠርቶ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ፤ ምስጋናው ባንተ ላይ ቂም ነበረው ይላል። ኮሚቴው ፊት ፈርሚ አለኝ። ምስጋናው! አንተ ሚዜ ሆነህ የዳርኸው! ሌሊቱን አልልህም፣ እንዴት እንዳነጋሁት እግዜር ያውቃል። ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና «መጀመሪያ ጣውላው ይምጣ» አልሁ። ሰብሳቢው ሸምገል ያለ የመቶ አለቃ ነው። «የምን ጣውላ?» አለኝ፤ ነገርሁት። ኃላፊው ሊሥቅ ከጀለው፤ የመቶ አለቃው ግን ቆቡን አድርጎ ተነሣ።

ተሳቢው ተጎትቶ መጥቶ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ጀልባውም ጎኑ ተፋቀ እንጂ አልተሰበረም። ቀዩ ምልክትህ ከዘንጉ ጋር እንደተገጣጠመ ነው። ምስጋናውን በሁለት ጠባቂ መካከል አምጥተው አቆሙት፤ ጢሙ አድጎ ሌላ ሰው መስሏል። ባዶውን ጀልባ እንደ ዋዜማው አድርገው ጫኑት። ወጣሁና ቆምሁ።

ጋንቾው አልተነሣም።

ኃላፊው «ይኸው! ዘንጉ ተነካክቷል» አለ። ምስጋናው ዐይኑን ጨፈነ። ቁልቁል ወደ ራሴ ባይ ቀሚሴ ከላዬ ላይ ተንጠልጥሏል። ለካ ሁለት ወር ሙሉ እህል በቅጡ አልቀመስሁም! የጎደለው ከእኔ ነበር። «እኔ ከስቼ ነው!» ብዬ ጮህሁ። የመቶ አለቃው ወደ ሠራተኛው ዞሮ «እውነት ከስታለች?» ሲል «ኧረ አልቃለች!» አሉ ባንድ አፍ። ያን ቀን ደፍረው የተናገሩት እውነት እሱን ብቻ ነው። ግድግዳው ሥር የመፍቻ ሣጥንህን አየሁት። ወርጄ አነሣሁት፤ አቅፌው ተመልሼ ቆምሁ። ጋንቾው ቀስ ብሎ ተነሣና ከእኔ ጋር እኩል ሆነ።

ከዚያ አራት በርሜል የጣና ውሃ ሞልተው ከኋላ ጫኑበት። ገና ጣውላው ላይ ሳልወጣ ጋንቾው ብድግ ብሎ አየር ላይ ቀረ። የመቶ አለቃው ቀዩን ምልክት ጎንበስ ብሎ አየ፣ «ዘንጉ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ከጭነቱ ነው» ብሎ ጻፈ። ቀና ሲል ግን «በርሜሉን ከኋላ ጫኑ ያለ ማነው?» አለ።

ከኃላፊው በቀር ማን አለ? እሱ ደግሞ ከመቶ አለቃው ጎን ቆሞ እኔን ያየኛል። ያን ጧት እዚያ የነበረ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እውነቱን ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ ምስጋናው አይወጣ፣ እኔ ቤቴ አልመለስ፣ ሰላምን ማን ያሳድጋታል? ዝም ብል ደግሞ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ምስጋናው ላይ ያርፋል። ምንም ሊያደርጉት የማይችሉት አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አልሁ። «ባለቤቴ ነው። ቸኩሎ ነበር። ገመዱንም ያሰረ እሱ ነው።» ከዚያ ሁሉ ውስጥ እውነቱ ገመዱ ብቻ ነበር።

የመቶ አለቃው ኃላፊውን አየው፤ ቆይቶ ደግሞ እኔን አየኝ። ሲያስፈርመኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሟች አይታሰርም፣ እኅቴ» አለኝ። ፈረምሁ።

ምስጋናው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳ ባንተ ስም አያሌው አሉት፤ እኔ ግን እስካሁን በስሙ ልጠራው አልቻልሁም፣ ማሙሽ እለዋለሁ። ፋይልህ ላይ «በራሱ ግድየለሽነት» ተብሎ ተጽፏል። አንተ፣ ብሎን ሁለቴ ሳትነካ ምሳህን የማትበላ ሰው! ሰላም ከትምህርት ቤት ሰምታ መጥታ «አባዬ ግድየለሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ወጡን ማማሰሌን ቀጠልሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገር፣ ይዛው ትወጣለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝሁት፤ እውነትም ሆዴን ፈጀው። ኃላፊው የጽዳቱን ሥራ ለምን እንደሰጠኝ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጧት ጧት «እንደምን አደሩ» እለዋለሁ። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ጀልባ ተጫነ። እንደ ልማዴ ሣጥንህን አቅፌ ስቆም ጋንቾው አልፎኝ ሽቅብ ሄደ። ምስጋናው «እስቲ ሣጥኑን አስቀምጪው» አለኝ። አስቀመጥሁት፤ እኩል ሆነ። ግቢው ሁሉ «ጥሩነሽ ሰው ሆነች!» ብሎ አጨበጨበ፤ አንዷማ «እንግዲህ የሞተ ተጎዳ» አለች። ደርሼ ልነክሳት ምንም አልቀረኝ። ከጀልባዎቹ ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ። ሥጋዬ ሳይነግረኝ ተመልሷል፤ ያላንተ በልቼ፣ ያላንተ ተኝቼ ሞልቻለሁ። አፈርሁብህ።

ምስጋናው መጣ። አይዞሽም አላለኝ። ሣጥኑን አንሥቶ መልሶ አሳቀፈኝና ጣውላው ላይ አቆመኝ። ከዚያ ጀልባውን ትንሽ ወደ ፊት ገፋው፤ ደግሞ ገፋው፤ ጋንቾው ከእኔና ከሣጥንህ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ። «ከአሥራቱ ትንሽ ቢያልፍ አይጎዳም፤ ሰው የሚበላው ሲጎድል ነው» አለኝ። ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ እንዲሁ ይጫናል። ኃላፊው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆት ነበር፤ ምስጋናው «ልኩ ነው» ብሎት ሄደ።

ነገ ጥቁሬን አወልቃለሁ። ይህን ደብዳቤ አጣጥፌ ከሣጥንህ ታች፣ ከመፍቻዎቹ ሥር አኖረዋለሁ፤ እዚያ ማንም አይፈልግም። አንተም ብትሆን «በሬሳዬም ቢሆን ምስጋናውን አውጪው» ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ስምህ ከበደኝ፣ ሆዴ። «አልረሳህም» ማንም ይላል። እኔ የምልህ ይህን ነው፦ አፍ የሚከፈትበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ሰላምን ሣጥንህን አሳቅፌ ጣውላው ላይ አቆማታለሁ። ጋንቾው ከፊቷ ሲነሣ እያየች፣ አባትሽ ሦስት ጊዜ «አይሆንም» ብሏል፣ «ቸኩሎ ነው» ያለች እናትሽ ናት እላታለሁ።

ያንተው ጥሩነሽ